በረሃ ላይ የቆፈርኩት የዝናብ ቦይ

«ጌታዬ፣ ማን ሞቶ ነው መቃብር የሚቆፍሩት?» አለኝ ዛሬ ማምሻውን የበረሃው መንገድ መሪያችን።

ለካ አዋሽ በረሃ፣ ደመና በማይታይበት ሸለቆ፣ በድንኳኔ ዙሪያ የዝናብ ቦይ እየቆፈርኩ ኖሯል!

እኛ እንጦጦ ላይ ድንኳን ስንተክል መጀመሪያ ቦይ እንቆፍራለን፤ አለዚያ ጎርፉ ከነመኝታችን ይወስደናል። እጄ የለመደውን ሠራ።

አብረውኝ ያሉት ነጋዴዎች ሳቁብኝ። በቅሎዬም ሳትስቅ አልቀረችም።

እኔ ግን ስረግመው የኖርኩት የእንጦጦ ጭቃ ናፈቀኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መሪያችን አየኝ። ለመንገድ ከቆጠባት ውሃ ከቅሉ ቦዩ ውስጥ ጠብ አደረገና፣ «ይኸው፣ ዘነበልዎ» አለኝ።

ወዳጆቼ፣ እናንተስ ከቤት ስትርቁ እጃችሁ ሳታዙት የሠራው ነገር አለ? እስኪ አጫውቱኝ፤ ቦዩ እንደሆነ አልደፈንኩትም።