ፀጉሩ እስኪመለስ

በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ማንን መሰለ?" ነው። አፍንጫው የአያቱ፣ ግንባሩ የአክስቱ፣ ቁጣው የአባቱ ይባልና ሕፃኑ ገና ዓይኑን በቅጡ ሳይገልጥ ለዘመድ ተከፋፍሎ ያልቃል። እኔ ስወለድ ግን የሚከፋፈል ነገር አልነበረም። "ቁርጥ አባቷን!" ተባለና በዚያው አለቀ። አባቴ ጥቁር ነው፣ እኔም ጥቁር ነኝ፤ ፀጉሩ ከርዳዳ ነው፣ የኔም ማበጠሪያ የሚሰብር ከርዳዳ ነው። መካነ ሰላም ገበያ መውጫ ላይ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ጨርቅ ይዘው የሚመጡ ሴቶች አገጬን ይዘው "ይቺስ ማንን መስላ ነው?" ሲሉ፣ ከመኪናው ቀና ሳይል "እኔን ነዋ!" ይላል። ያንን ለመስማት ብዬ ብቻ ደንበኛ በመጣ ቁጥር በረንዳው ላይ እገተር ነበር።

ወንድሜን ግን ማንም አባቴን መሰለ አላለውም። እናቴ ደርግ ወድቆ መንገዱ እንደተከፈተ አረብ አገር ሄዳ፣ እዚያ አንድ አረብ አግብታ፣ ተጣልተው ስትመለስ ወንድሜን አዝላ ነው የመጣችው። ብስል ቀይ፣ ፀጉሩ ሉጫ፣ ዓይኑ ማር የመሰለ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ልጅ ነበር። ብዙም ሳትቆይ አባቴን አገባች፤ እኔ ደግሞ በሰባት ወሬ ተወለድኩ ተባለ። ቶሎ መናገሬንም ቶሎ መቆጣቴንም በዚሁ ያሳብቡ ነበር። ወንድሜን ትምህርት ቤት "አረቡ" እያሉ ይጠሩታል። እሱ አባቱን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የኔ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰፋል። ስንጣላ እንኳ በዚህ አልነካውም ነበር፤ በጣም ያሳዝነኝ ነበርና።

አግብቼ ወግዲ ገባሁ። እዚያ መንገድ የሚሠሩ ፈረንጆች ካምፕ ነበራቸው፤ ሆዴ እስኪገፋ ድረስ በዕቃ ግምጃ ቤታቸው ጸሐፊ ሁኜ ሠራሁ። ባሌም አማቴም ደመወዜን ወደውት ነበርና ካምፑን ጠልተውት አያውቁም። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ ቀኔ ሲቃረብ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ።

ልጄ ወንድ ሆነ። እናቴ ታቅፋው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አለች፤ ዓይኑን ሲገልጥ ወዲያው ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጣል አደረገችበት። "ብርሃን ይወጋዋል" አለችኝ። እንዴት እንደምታስብለት እያየሁ አለቀስኩ። የአራስ ልብ ሞኝ ነው።

በሰባተኛው ቀን አቂቃ ሆነ። በግ ይታረዳል፣ ልጁም ከሆድ ይዞት የመጣው ፀጉር ይላጫል። አማቴ ከባሌ ጋር ከወግዲ መጥታ ነበር፤ ፀጉሩ የሚወድቅበትን ሳህን የያዘችውም እሷ ናት። ፀጉሩ ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሳህኑ ላይ አንድም የሚጠቀለል የለበትም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ "አብሽሩ፣ የሆድ ፀጉር አይታመንም። ተላጭቶ ሲመለስ ነው የልጁ ወገን የሚታወቀው" አለች። ሁሉም ልክ ነሽ አሏት። እውነትም አገሩ ሁሉ የሚያምነው ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛው ፀጉር አይዋሽም።

ባሌ ሲሄድ ልጁን ጎንበስ ብሎ አየው። "ፀጉሩ ሲመለስ መጥቼ እወስዳችኋለሁ" አለኝ። አርባ ቀኔ ሲሞላ ማለቱ መስሎኝ ነበር። አርባው ሞላ፤ አልመጣም።

እናቴ ጠዋት ጠዋት የልጄን ራስ ቅቤ እየቀባች በመዳፏ ታሸው ነበር፤ እያሽከረከረች፣ ፀጉሩን ገና ከሥሩ እንዲጠቀለል የምትለማመጠው ይመስል። ብቅ ሲል ቀጥ ብሎ ብቅ አለ። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ እንደገና ላጭታው አገኘኋት። "ሙቀት ፈጅቶት ነው" አለች። የሚያኮራምት ብርድ ነበር። የዚያን ቀን ትንሽ ተጠራጠርኩ፤ የጠረጠርኩት ግን ምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

ክረምቱ ወጥቶ ባሌ ሲመጣ የልጁ ፀጉር እንደ ወንድሜ ሉጫ፣ ዓይኑም እንደ ወንድሜ ማር ሁኗል። ባሌ አልተቀመጠም። "ካምፑ ውስጥ ከማን ጋር ነበርሽ?" አለኝ። እጄ ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት።

"የወንድሜ ዓይን ነው! አይታይህም?"

"ወንድምሽ ዓይኑን ያመጣው ከአረቡ ነው" አለ ረጋ ብሎ፣ አስቦበት እንደመጣ ያስታውቃል። "አንቺ የአረቡ አይደለሽም። ታዲያ ልጅሽ ከየት አመጣው?"

ሽማግሎች ይዞ እንደሚመለስ ነግሮኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ፤ ፍቺ ብቻ አይደለም፣ ልጄ ዕድሜውን ሙሉ "የፈረንጅ ዲቃላ" ሊባል ነው።

ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የጤና መኮንኑ ወጣት ነበር፤ አልሳቀብኝም። የቆዳ ቀለም ተጠቅልሎ ለአንድ ልጅ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ፣ ከአባትም ከእናትም ብዙ ቁርጥራጭ እየተደባለቀ እንደሚመጣ፣ አንድ አባትና አንድ እናት ቀይም ጥቁርም ሊወልዱ እንደሚችሉ አስረዳኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና ገባኝ፤ ከአንድ ከረጢት ቅዳጅ የተሠሩ ሁለት ልብሶች አይመሳሰሉም። እንዲህ ያለ ዓይን ደግሞ አንድ ትውልድ ተደብቆ በልጅ ልጅ ሊወጣ ይችላል አለኝ፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወገን ብቻ መምጣቱ ስለማይበቃ በባሌ ወገንም ሳይኖር አይቀርም። ይህን የመጨረሻውን በኋላ ለማን ብናገር ማንም ሊሰማኝ አልፈለገም።

"የወንድምሽም ዓይን እንዲህ ነው ካልሽ ምን ያስጨንቅሻል?" አለኝ።

"ወንድሜ አባቱ ሌላ ነው።"

የልጄን ዓይን እንደገና አየ። "እናትሽን ጠይቂ" አለኝ።

እናቴ ጓሮ ምስር እየለቀመች ነበር። "እማ፣ የወንድሜ አባት የኔም አባት ነው?" አልኳት።

እጇ ቆመ። "ቀስ በይ! አባትሽ ይሰማሻል" አለች።

"ውሸት ነው" አላለችም፤ "አበድሽ እንዴ?" እንኳ አላለችም። አባትሽ ይሰማሻል ነው ያለችው። ከመጣች በኋላ በችኮላ ማግባቷም፣ የሰባት ወር ልጅ መባሌም፣ የነጠላውም፣ የምላጩም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። አረገዘችኝ፣ መጣች፣ አገባች፤ እኔ ደግሞ ጥቁሩን አያቴን፣ የሷን አባት መስዬ ተወለድኩላትና ውሸቷን በቆዳዬ አተምኩላት። ቀይ ብሆን ኖሮ ያኔውኑ ይነቃባት ነበር።

ያን ጊዜ እንኳ ይቅር ልላት ዝግጁ ነበርኩ። "ለሽማግሎቹ ብቻ ንገሪልኝ" ብዬ ጉልበቷን ያዝኩ። "ይፈታኛል እማ። ልጄ ዲቃላ ሊባል ነው።"

"ትዳር ይመጣል ይሄዳል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ" አለች። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት ልውደቅ?"

ጠላኋት። ይህን ቃል ስለ እናት መናገር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም።

ሽማግሎቹ ጁምዓ ከሰዓት መጡ። ባሌ ከመሀላቸው ተቀምጧል፣ ልጄ ጭኔ ላይ ነው። አባቴ ሥራውን አቋርጦ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ አጠገብ ኩርሲ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ሽማግሌ ለእናቴ፣ "እስቲ እርስዎ እናቷ ይናገሩ። በናንተ ወገን እንዲህ ያለ ዓይን አለ?" አሏት።

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። "እኔ ምን አውቄ። አሏህ ያውቃል። ልጅ አሳድጌ ድሬ ሰጠሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ባሏን ጠይቁት" አለች።

በተወለድኩበት ቤት፣ የወለደችኝ ሴት ናት አሳልፋ የሰጠችኝ። አፌን ከፍቼ ሁሉንም ላፈርጠው ነበር፤ አባቴን አየሁትና አቃተኝ። እሱ ፊት እንዴት ብዬ?

አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ላይ ጠቀለለው። "ልጅቷን አታዋርዷት" አለ። "እሷና ወንድሟ አባታቸው አንድ ነው። ይህ ሕፃን ዓይኑን ያመጣው ከናቱ አባት ነው። እኔ ሳገባ አውቅ ነበር።"

እናቴ ዞራ አየችው። "ታውቅ ነበር?" አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። ስንት ዘመን ከሚያውቅ ሰው ስትደብቅ ኖራለች።

ሽማግሎቹ ዱዓ አደረጉ። ባሌ ይቅርታ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ፣ አባቴም መረቀው። ስሜ ጸዳ፣ ልጄ አባት አገኘ፤ እኔ ግን በዚያው አፍታ አባት አጣሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ሲጨባበጥ የኔን የጠየቀኝ የለም። ወንድሜ ማታ መጥቶ "አረቡ ሲሉኝ እኔ ብቻዬን ነበርኩ እኮ" ብሎኝ ወጣ። እሱም የተካደ ነው። ከባሌ ጋር ወግዲ ተመለስኩ፤ ሌላ የት እሄዳለሁ? የሚስቱን ቃል ትቶ በሕፃን ፀጉር ያመነ ሰው መሆኑን ግን አልረሳሁለትም።

አንዳንዴ ሳስበው የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር። እናቴ ውሸቷን እንድትተው፣ አባቴ ደግሞ እንዲቀጥልልኝ። ሁለቱም ተገላቢጦሽ አደረጉት።

በዓመቱ፣ ለዒድ ዋዜማ፣ ልጄን ይዤ መካነ ሰላም ሄድኩ። አባቴ የበዓል ልብስ በዝቶበት በረንዳው ላይ ይሰፋል። እናቴ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለጎረቤቶቹ "ቁርጥ አጎቱን! ዓይኑን እዩልኝ እንጂ!" ትላለች፣ ያኔ ፊቱን በነጠላ የሸፈነችው እሷ እንዳልሆነች ሁሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ለከተማው አዲስ ናት፣ ወደኔ ዞር ብላ ሣቀች።

"እሷስ? እሷ ማንን መስላ ነው?"

እኔ ወደ በረንዳው ጆሮዬን ሰጠሁ። መኪናው ቆሞ ነበር፤ አባቴ ክር ወደ መርፌው እያስገባ ነው። ጥያቄውን ሰምቶታል፣ ከዚያ የማይሰማ ነገር የለም። ክሩ ገባለት፤ ጨርቁን አስተካከለና እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ መስፋቱን ቀጠለ።