የሰመጠው በእኔ በኩል ነው

አሥራ አንድ ዓመት እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ፕላስቲክ መለየት ነው። አሮጌ የውሃ ጠርሙስ ከነክዳኑ መፍጫው ውስጥ ይገባል፣ ተከትፎ ገንዳችን ላይ ይደፋል። ከዚያ ውሃው ግማሹን ሥራ ይሠራልናል፤ የክዳኑ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ይሰምጣል። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ «ጠርሙስ እኮ ይንሳፈፋል» እያለ ይሟገተኛል። እሱማ ሆዱ አየር ሲሞላ ነው። ሲከተፍ አየሩ ይወጣል፣ ፕላስቲኩ ራሱ ከውሃ ስለሚከብድ ይወርዳል። ክዳኑ ግን ከውሃ ይቀላል፤ እንደ ዱቄት ብታደቅቁት እንኳ አይሰምጥላችሁም። ይህን ስንቴ እንዳስረዳሁ እኔና ወገቤ እናውቃለን።

ከገንዳው ማዶ እትዬ ወንፊት አሉ። ወንፊት ከእጃቸው ስለማይለይ ነው እንዲህ ያልናቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። ሥራ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ሁለታችንም በየበኩላችን ተንሳፋፊውን እንገፍፋለን፣ የሰመጠውን አውጥተን እንከምራለን። ዘንድሮ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አለቃችን ከሰማ ያሰናብታቸዋል፤ ቤት ደግሞ ከአልጋ የማይነሳ ወንድም አላቸው፣ ከሳቸው ሌላ ሰው የለውም። እኔ ያወቅሁት አጠገባቸው የተቀመጠውን ጓንት በዳበሳ ሲፈልጉ አይቼ ነው።

ጣጣው የግራጫ ፕላስቲክ ቧንቧ ስብርባሪ ነው። ከጠርሙሱ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፣ ክብደቱም ያው ስለሆነ አብሮት ይሰምጣል። እዚህ ላይ ውሃው አያግዝም፣ በዓይን አይቶ መልቀም ነው። ጥቂት ካመለጠ ከእኛ የሚገዛው ፋብሪካ ሲያቀልጠው ያርርና ጭነቱን በሙሉ ያበላሻል። ስለዚህ እሳቸው ዞር ባሉ ቁጥር ከክምራቸው ግራጫውን ስብርባሪ ስለቅም ስድስት ወር ከረምኩ። የራሴ ሥራ አልበቃኝ ብሎ። አንዳንድ ቀን በልቤ እረግማቸው ነበር፣ አልዋሽም።

ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን ቀረሁ። ስመለስ ጭነቱ ከፋብሪካ ተመልሶ ግቢው ውስጥ ተቆልሏል። አለቃችን ያረረ ፕላስቲክ በእጁ ይዞ ገንዳው ጋ ቆሟል።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለ።

ልዋሽላቸው ፈለግሁ፣ ግን እንዳልነበርኩ ያውቃል።

«የኔ ነው» አሉ እትዬ ወንፊት። «ዓይኔ አያይም፣ ልጄ። እስከዛሬ ስትለቅምልኝ የከረመችው ይቺ ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የማላውቅ መሰለሽ? ስትለቅሚ እኮ ታጉረመርሚያለሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽርጣቸውን መፍታት ጀመሩ።

«አለቃ፣ እሳቸው ተንሳፋፊውን ብቻ ይሥሩ» አልኩ። «ክዳን ዓይን አይፈልግም፣ ላይ ላዩን መግፈፍ ነው።»

«የሰመጠውንስ?»

«እኔ አለሁ።» ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ወገቤ ትዝ ያለኝ።

«ሌላ ጭነት ከተመለሰ ሁለታችሁንም እዚህ እንዳላይ» ብሎ ሄደ።

ይኸው የሰመጠው ሁሉ የኔ ሆነ። እርጥቡ ክምር ይከብዳል፤ ቤቴ ስገባ ጣቶቼ ማንኪያ አይዙልኝም። እሳቸው የውሃውን ፊት በወንፊት ይገፍፋሉ፣ አንዲት ፍርፋሪ አታመልጣቸውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስላፈርኩ አፌን ዘግቼ ነበር የምለቅመው።

ትናንት ወንፊታቸውን ከውሃው አወጡ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ። «አጉረምርሚ እንጂ። አለመሄድሽን በምን ልወቅ?»

ደክሞኝ ነበር። ቢሆንም እንደገና ማጉረምረም ጀመርኩ።