አራት የእረፍት ቤት ለመሸጥ እስከ ሰቃ

ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ከቤት የወጣሁት ተናድጄ ነው፤ ምን ልደብቃችሁ። ባለቤቴ አሰፋ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ፣ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ቀና ብሎ፣ «ሰብለ፣ አንዷን እንኳ ሳትሸጪ እንዳትመለሺ» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሚያስቅ ነገር አልነበረማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለታችንም ጡረታ ስንወጣ ሠላሳ ዓመት የኖርንበትን የአዲስ አበባ ቤታችንን ሸጥን። በገንዘቡ ከጅማ አለፍ ብሎ፣ ሰቃ አጠገብ፣ ቡና ጫካ ጥግ ላይ መሬት በሊዝ ይዘን አራት የእረፍት ቤቶች ሠራን። የከተማ ሰው ቅዳሜና እሁድ አየር ሊቀይር ይገዛናል፣ ከውጭ አገር የሚመጣውም ይሻማብናል ብለን ነበር። ኧረ ማን ሊሻማ! ቤቶቹ ሲያልቁ ገበያውም አብሮ አለቀ። የዘይትና የጤፍ ዋጋ ያሳበደው ሰው የእረፍት ቤት ግዛ ስለው እኔን እንደ እብድ ያየኝ ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲትም አልተሸጠች። አሁን ደግሞ አከራያችን ልጇን ልትድር ነውና እስከ ጥር መጨረሻ ልቀቁልኝ ብላናለች። አራት ቤት እያለን መግቢያ የለንም። አንዷ ከተሸጠች ግን ከከተማው ዳር ትንሽ ኮንዶሚኒየም ትወጣልናለች። ለዚህ ነው በቡና ለቀማ ወቅት፣ ጅማ ላይ ብር ይገኛል ሲባል ሰምቼ የተነሳሁት።

ከወሊሶ እስከ ጊቤ

ወሊሶ ላይ ለቁርስ ወረድን። ጥብስ ፍርፍር ሁለት መቶ ሰማንያ ብር። ሳህኑን ባገላብጠው ባገላብጠው ሥጋ የሚባል የለም። «የኔ ልጅ፣ ጥብሱ የታለ?» ብላት አስተናጋጇ ሳታፍር «ሽታው አለ፣ ማዘር» አለችኝ። ሽታ በዚህ ዋጋ! በልቼ ከፈልኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ።

ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ አናት ይበሳል። መስኮት ልከፍት እጄን ስሰድ ከኋላዬ ያለች ሴት «ኧረ ዝጊው፣ ንፋስ ይመታኛል!» ብላ ጮኸች። በጊቤ በረሃ ንፋስ! ግማሹ ተሳፋሪ እሷን ደገፈ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ድልድዩን ተሻገርን። ሽቅብ ወጥተን ሰኮሩን ካለፍን በኋላ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። ሰርቦ ስንደርስ በየደጁ ቡና ተሰጥቶ፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያገላብጡታል። አገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ቡና እያለ እንዴት አንድ ገዢ አጣለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕ፣ ሄርማታ

ቀኑን ሙሉ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ዙሪያ ነጋዴ ሳሳድድ ዋልኩ። የቤቶቹን ፎቶ በስልኬ አሳያለሁ። ሁሉም «ማሻአላህ፣ ያምራል» ይሉኛል። ከዚያ ያው ጥያቄ ይመጣል።

«ማን ይኖርበታል?»

«ማንም። ሲደክምዎት ሄደው ያርፉበታል።»

«በሌላው ቀንስ?»

«ይዘጋል።»

አንድ ሽበታም የጨርቅ ነጋዴ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ። «የኔ እህት፣ ሲደክመኝማ ቤቴ እተኛለሁ። ሰው የማይኖርበት ቤት ገዝቼ ለጂኒ ላከራየው?» አሉ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰባት ሱቅ ገባሁ፣ ሰባት ሻይ ጠጣሁ፣ ሆዴ ተነፍቶ አንድም ገዢ ሳላገኝ ወጣሁ። ሻዩን ማስከፈል እንኳ እምቢ ይላሉ እኮ፤ ልናደድባቸው አልቻልኩም።

አመሻሹ ላይ ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት አዘነችልኝ መሰል፣ ጊንጆ ሰፈር ከሚኖሩ ባልና ሚስት ጋር አገናኘችኝ። ባልየው ኢንጂነር መላኩ ዕድሜውን ሁሉ ሕንፃ ሲሠራ የኖረ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ሚስቱ ወይዘሮ የሺ ግን ደህና አድርጋ ትናገራለች፤ ከባጃጅ ጩኸት የምትሸሽበት ጸጥ ያለ ቦታ ትፈልጋለች። «ጠዋት እንየው» አሉ። ለአሰፋ ደውዬ «ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

ሐሙስ፣ ሰቃ

በእነሱ መኪና ሄድን። የጠዋቱ ፀሐይ ቡናው ላይ ሲያርፍ ወይዘሮ የሺ «ወይ ጉድ፣ ምን ያለ አገር ነው!» ስትል ልቤ ሞቀ። በር ላይ ጠባቂያችን አባ መጫ ተቀበሉን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የዚያው መንደር ሰው ናቸው፤ በአማርኛቸው መሐል ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ። «አዴ ሰብለ፣ ነጋ? ሰላም ነው?» ብለው እጄን ሳሙ፤ እኔም እጃቸውን ሳምኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

የመጀመሪያውን ቤት ከፈትኩ። ጭሱ አፍንጫዬን መታኝ። ሳሎኑ መሐል፣ ስንት ለፍተን ያነጠፍነው ሴራሚክ ላይ፣ የአመድ ክምር። ነጭ ቀለም የተቀባው የእንጨት ኮርኒስ ድስት ቂጥ መስሏል።

«አባ መጫ! ይሄ ምንድን ነው?»

«እሳት ነው» አሉ በእርጋታ። «እሳት ያልነደደበት ቤት ይታመማል። በሳምንት ሁለቴ አነድበታለሁ።»

«ምድጃ ሠርቼልዎት የለም እንዴ? ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ?»

«እሱማ ጭሱን ሁሉ ወደ ውጭ ይሰደዋል። ቤቱ ታዲያ ምን ይጠቀማል?»

በቃ፣ ደሜ ፈላ። ጮኽኩ። ሁለት ዓመት ጠብቄ ገዢ ባመጣሁ ቀን! ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ አፍራለሁ። እኚያን አዛውንት «አንተ» ብዬ፣ «ቁልፉን አምጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ» ማለቴን ብቻ እናገራለሁ። ወይዘሮ የሺ «ኧረ እትዬ ሰብለ፣ ሽማግሌ ናቸው» ብላ ክንዴን ያዘች። አባ መጫ የቁልፉን ዘለላ አቀበሉኝና በረንዳው ላይ ሄደው ተቀመጡ።

«ሦስቱ ግን ንጹሕ ናቸው» ብዬ እንግዶቹን እየጎተትኩ ወሰድኳቸው። እውነትም ነጭ እንደሆኑ ቆመዋል፤ ወለሉ ያበራል። ኢንጂነሩ ክፍል በክፍል ዞረ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና የመኝታ ቤቱን በር መቃን ወጋ አደረገው። ቁልፉ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ሲያወጣው ደቃቅ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ፤ ምስጦችም ተከትለው ተርመሰመሱ።

«እንጨቱን የያዘው ቀለሙ ብቻ ነው» አለ።

ምሰሶውን ወጋ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ቤት፣ አራተኛው ቤት፣ ያው ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ኢንጂነሩ ወደ ጠቆረው ቤት ተመልሶ መቃኑን፣ ምሰሶውን፣ የጣሪያውን እንጨት አንድ በአንድ እየቆረቆረ ቆየ። ሲወጣ ሚስቱን ብቻ አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺን ጭሱ ከምስጥ አድኗታል፤ እንገዛታለን» አለኝ። «ኮርኒሱ በቀለም ይስተካከላል። ግን ሽማግሌው ካሉ ነው። ካባረሯቸው ይቅርብን።»

ወደ በረንዳው ሄድኩ። «አባ መጫ፣ ሌሎቹንስ ለምን አላነደዱባቸውም?» አልኩ።

«እንጨቱን ከየት ላምጣ? ለዚች ከጓሮዬ የቡና ቅርንጫፍ እየገረዝኩ አነደድኩላት። ለአራቱ አይበቃም። ክረምት ላይ ደውዬ ነግሬሽ የለም? ቤቶቹ ጭስ ይፈልጋሉ፣ ለእንጨት ላኪ አላልኩሽም?»

ብለውኛል። አስታወስኩ። ለራሳቸው ጎጆ ማሞቂያ ሊበሉኝ ነው ብዬ፣ «ጡረተኛ ነኝ፣ የእርስዎን ማገዶም እኔ ልግዛ?» ብያቸው ስልኩን ዘግቻለሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ራኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም» አሉ፤ ዓይኔን ግን አላዩም። ቁልፉን መልሼ ስዘረጋላቸው ተቀበሉኝ፣ ተነሱና ሄደው በሁለት እጃቸው ለወይዘሮ የሺ ሰጧት።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

አርብ ጅማ ላይ ውል ተፈራረምን፣ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። አሰፋ ስለ አንደኛዋ ሲሰማ አቅፎ አነሳኝ፤ በስልሳ አምስት ዓመቱ! መግቢያ አገኘን። ስለ ሦስቱ ስነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«እኚያ ሽማግሌ ናቸው ያስበሉን!» አለ። «ጠባቂ ተብለው ተቀምጠው! እንዴት አንድ ቃል አይነግሩንም?»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። በመንገድ ሁሉ፣ ከጅማ እስከ ወሊሶ፣ ዝም ልበል ወይስ ልናገር እያልኩ ነው የመጣሁት። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ካለ፣ ስለ ቤት ሽያጭም ስለ ገበያም አይደለም። ደሀ ሰው ሲደውልልኝ ገና ሳልሰማው ሊበላኝ ነው የምል ሴት ሆኛለሁ። መቼ እንደዚህ እንደሆንኩ አላውቅም።

«ነግረውኛል» አልኩት። «ለሦስቱ ማጨሻ የሚሆን እንጨት ጠይቀውኝ ነበር። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።»

አሰፋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ስንት እንጨት?»

«አንድ ጭነት። በወር።»

«የመኪና?»

«የአህያ» አልኩት።