ፎቶ የሌላት አክስቴ

ሙጫ በሸተተኝ ቁጥር ሻዓራይም በሚባለው ሰፈር የነበረችው ጠባብ ቤታችን ትመጣብኛለች፤ ምንጣፉ ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ ተንበርክኬ፣ እጄ ሙጫ በሙጫ ሆኖ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የመጸው በዓላት እንዳለፉ አስተማሪያችን በዕብራይስጥ «ሾራሺም»፣ ማለትም «ሥሮች»፣ ለሚባለው የቤተሰብ ታሪክ ሥራ ባለ ሳጥን ወረቀት አደለችን፤ በየሳጥኑ የወላጅና የአያት ፎቶ ይለጠፋል። እኛ ቤት የአያት ፎቶ ከየት ይምጣ? «ቢሉ ሴንተር» በሚባለው የገበያ ማዕከል ዕቃ ሲያወርዱ የሚውሉት አባቴ በየሰንበቱ ከምኩራብ ስንመለስ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ብለው ሰባት ቤት ያስቆጥሩኝ ነበር፤ ስሞቹን እንደ ውኃ ጠጥቻቸዋለሁ፣ መልካቸውን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ዝናቡ በጠናባቸው ወራት እየጠየቅኩ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ እህት አልነበረችዎትም?» አልኳቸው። «ትርንጎ» አሉ። «አምስት ዓመቷ ነበር። ሱዳን መንገድ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ እንዳለች ሞታ፣ የተኛች መስሎኝ ግማሽ ቀን ተሸክሜአት ሄድኩ።» ይህን እናቴ እንኳ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ አስተማሪዋ የጻፍኩትን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ለወላጆች የምናሳየው የደስታ ዝግጅት ነው። ፎቶ የላት፣ ሰነድ የላት፤ እሷን አውጪና አባትሽን ከሱዳን ወደዚህ ስላመጣቸው አውሮፕላን ጻፊ፣ ቤሰደር፣ እሺ?» ደሜ ፈላ። እያለቀስኩ «አይሆንም! አባቴን አውሮፕላን አልወለዳቸውም» አልኳት። ቤት ገብቼ ከአባቴ ፎቶ እኩል የሆነ ባዶ ሳጥን ሠራሁና ከሥሩ ስሟን እንዲጽፉበት ሰጠኋቸው፤ ስንት ዓመት ብዕር ባልጨበጠ እጃቸው በአማርኛ «ትርንጎ» ብለው ጻፉ።

በዝግጅቱ ቀን ወረቀቴ ከበሩ ኋላ፣ ማንም በማያየው ጥግ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ በሥራ ልብሳቸው መጡ፣ ፈልገው አገኙት፣ ነቅለው ወሰዱና መሐል ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ከዚያ ወላጅ ሁሉ እየሰማ፣ በሚኮላተፍ ዕብራይስጣቸው «ይህች እህቴ ናት፤ ቦታዋ እዚህ ነው» አሉ። ለገዛ መብታቸው እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አስተማሪዋም ወረቀቱን አልነካችውም።

ያኔ «ማስረጃሽ የት አለ?» ሲሉኝ እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። ዛሬም ስለ ቤታችን በጻፍኩ ቁጥር ይህንኑ የሚጠይቀኝ አይጠፋም፤ እኔ ግን ማልቀሱን ትቻለሁ። ትርንጎ አምስት ዓመት በዚህ ምድር ላይ ኖራለች፤ ያላመነ አይመን።