ለባለቤቴ የሠራሁት ከርነል

ባለቤቴን ስኳር ዓይኗን ከነሣት ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ጉቶ ጊዳ ውስጥ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ብሬል ተማረች፣ ለመደችም፤ መማሪያ መጻሕፍቱ ግን በብሬል የሉም። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሆንም እስከ ወሩ መጨረሻ መጽሐፉን ራሷ እያነበበች ካላስተማረች የጡረታ ማመልከቻ እንድታስገባ ነግሯታል።

አንድ ዘመድ ያገለገለ የብሬል ማንበቢያ ላከልን፤ የኮምፒውተር ጽሑፍ ሲገባለት ነጥቦቹ ከጣት ሥር ብቅ ጥልቅ ይላሉ። እኔ ደግሞ በባለቤቴ ቦርሳ ልትያዝ የምትችል፣ መዳፍ የማታክል ኮምፒውተር ነበረችኝ፤ የመማሪያ መጽሐፉን ጽሑፍ ጫንኩባት። ሁለቱን ላገናኝ ብል ትንሿ ማንበቢያውን አላውቀውም አለች። እንግዲህ ከርነሉን፣ የሁሉ ነገር ሥር የሆነውን ፕሮግራም፣ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። ትንሿ አቅም ስለሌላት ሥራው በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ነው የሚሠራው፤ ላፕቶፑ ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ዓይነት ማሽን ኮምፓይል ያደርጋል፤ የተጻፈውን ያ ማሽን ወደሚረዳው ቋንቋ ይለውጣል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በስህተት መልእክት አለቀ። አንዴ ረስቼ ለላፕቶፑ ለራሱ ሠራሁትና ትንሿ ጭራሽ አልነሣም አለች። አንድ የጎደለ ፋይል ፍለጋ ደግሞ ሦስት ቀን ገተረኝ። በመጨረሻ ከርነሉ ተሠራ፣ ትንሿም ተነሣች፤ ማንበቢያውን ግን አሁንም አላውቀውም አለች። በዚያው ሰሞን ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ መብራቱም ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል።

ድራይቨሩን፣ ከርነሉን ከማንበቢያው ጋር የሚያግባባውን ፋይል፣ ከፍቼ የማንበቢያውን መለያ ቁጥር ጨመርኩ። ኮምፓይል አደረግኩ፤ ያው መልስ። ሌላ መስመር ቀየርኩ፤ ያው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያው። ታከተኝ። መጀመሪያ ባለቤቴ ከባጃጅ ወርዳ ገና በሩ ላይ ሳለች ዛሬስ ምን ደረሰ ትለኝ ነበር፤ ኋላ ኋላ መጠየቁን ተወችው። እኔም ባትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ንዴቴ ገነፈለ። ድራይቨሩ መሀል ላይ «አንተ ደደብ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩና ኮምፓይል አደረግኩት። ኮምፓይለር ማለት አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል እሪ የሚል ፍጥረት ነው። አጅሬ ስድቤን ዋጥ አድርጎ ያለምንም ችግር ጨርሻለሁ አለ። ወይ ጉድ። የጻፍኩትን ጭራሽ አላነበበውም ማለት ነው።

ለካ ኢንተርኔት ሳለ ላፕቶፑ ቀኑን ራሱ ያስተካክል ነበር። ባትሪው የሞተ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ቀኑ ይጠፋበታል፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የሞላሁት እኔ ነኝ። የሞላሁትም እንደ ቢሮ ደብዳቤ በእኛው አቆጣጠር ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ። ማሽኑ ደግሞ አዲስ የተነካውን ፋይል የሚለየው ቀኑን አይቶ ነው። የእኔ እርማት ሁሉ ከድሮው ሥራ የቀደመ መስሎት እየዘለለው የድሮውን ከርነል ይመልስልኛል። ይህንንም በማስጠንቀቂያ ይነግረኝ ኖሯል፤ ከመቶ ማስጠንቀቂያ መሀል ማን ያነበዋል?

ቀኑን አስተካከልኩ። ስድቡንና ሌላውን ሁሉ ሰርዤ፣ በመጀመሪያው ቀን የጨመርኩትን መለያ ቁጥር ብቻ ትቼ ኮምፓይል አደረግኩ። ትንሿ ማንበቢያውን ወዲያው አወቀችው።

ባለቤቴ ስትገባ እጇን ይዤ ነጥቦቹ ላይ አኖርኩት። ስለ ተክል ሥር የሚያስተምረውን ገጽ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ጣቶቿን እዚያው እንዳሳረፈች የጡረታ ማመልከቻውን ጠዋት እንዳስገባች ነገረችኝ። ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ ወደ ወረዳ ልኮታል።

«ማሎ፣ እባክህ አትቆጣ» አለችኝ። «ድካምህን መስማት አቃተኝ።»

እንዳልተቆጣሁ ነገርኳት። መቼ እንደተስተካከለ ጠየቀችኝ።

«አሁን» አልኳት። ነገሩን የፈታው ያ መለያ ቁጥር ያን ጊዜ ከተጻፈ ሁለት ሳምንት አልፎት እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።