ሰልማ ያለ መነጽር የመራችን ቀን

ጠዋት 12፡00፣ ዴም ሰፈር፣ ካርቱም

መጋቢት ነው፤ ብርድ ሸሽተው የመጡት ወፎች ወደ ሰሜን የሚመለሱበት ወር። አርብ ማለዳ ሰባት የወፍ ተመልካቾችና እኔ በኪራይ ሃፍላ አውቶቡስ ወደ ጀበል አውሊያ ግድብ ተነሳን። እኔ ወፍ አላውቅም፤ የሰልማ እናት ነኝ። ሰልማ አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቡድኑን የሚመሩት ኡስታዝ ስላረጁ ተተኪ ይፈልጋሉ፤ የዛሬውን ቀን በደንብ ከመራች ቦታው የእሷ ነው። ይህን ከሰው አፍ አልሰማም ብዬ ተከተልኳት።

2፡00፣ ግድቡ

ነጭ አባይን በቀኝ ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ግድቡ ጋ ስንደርስ ሰልማ ሩቅ የሚያቀርበውን መነጽሯን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። እኔ አርፌ መች እቀመጣለሁ! ወፉን ትቼ ድልድዩ ላይ የቆመውን ወታደር ጺሙ እስኪቆጠር አየሁት። እሱም አየኝ።

"ያ ኻልታ፣ ግድብ በመነጽር ማየት መምኑዕ ነው፤ ክልክል!" ብሎ መጣና የሁላችንንም መነጽር ሰበሰበ። ስንመለስ እንደሚሰጠን ነገረን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኡስታዝ ፊታቸው ጠቆረ።

"ያለ መነጽር ምን ይታያል? ያላ፣ ዓሣችንን በልተን እንመለስ።"

"ቀኑ የእኔ ነው ብለዋል፣ ኡስታዝ" አለች ሰልማ። "ይከተሉኝ።"

3፡30፣ ረግረጉ ዳር

ከፊት እየሄደች ወፎቹን በአረማመዳቸውና በአበራረራቸው ትለያቸው ጀመር። ጭቃው ላይ እግሩን እያነሳ የሚጥለውን፣ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ድንገት ውሃ ውስጥ የሚወረወረውን፣ ሁሉንም በስሙ ጠራችው። ሰዎቹ ቀስ በቀስ ተጠጓት።

በዚህ መሃል ሰማዩ ላይ ነጫጭ ወፎች ሲዞሩ ታዩ።

"ፔሊካን! ጻፉ" አሉ ኡስታዝ።

"ላ፣ አይደለም፣ ያ ኡስታዝ" አለች ልጄ። "ፔሊካን ሲበር አንገቱን ይሰበስባል። እነዚህ ዘርግተውታል፤ እግራቸውም ከኋላ ይታያል። ሽመላ ናቸው።"

ኡስታዝን ያረመ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ወፎቹ እየዞሩ ወርደው ከፊታችን አረፉ፤ ረጅም ቀይ መንቁር፣ ረጅም ቀይ እግር። ሽመላ!

በቡድኑ ወግ የቀኑን ወፎች ዝርዝር የሚያነበው መሪው ብቻ ነው። ኡስታዝ ከልባቸው ሳቁና ደብተሩን ለሰልማ ሰጧት።

"ከዛሬ ጀምሮ የምታነቢው አንቺ ነሽ" አሉ። ወደ እኔ ዞረውም "መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ያ ኡም ሰልማ" አሉኝ።

ኩራት አሰከረኝ። የተጠበሰ ዓሣ በሸጣ በርበሬ ስንበላ፣ ለጠባሿ ሴትዮ ሳትጠይቀኝ "ልጄ ናት" አልኳት።

11፡00፣ ቤት

መነጽሮቹን ተቀብለን በደህና ገባን። ጫማዬን እያወለቅሁ "አፉ በይኝ፣ ቀንሽን ላበላሽብሽ ነበር" አልኳት።

ሰልማ ሳቀችብኝና በተሰባበረ አማርኛዋ እንዲህ አለችኝ፦ "ማማ፣ ዋላሂ፣ መነጽር ቢኖር ኡስታዝ ራሱ ያያል፣ ራሱ ሽመላ ይላል። እኔን ማን ያውቀኛል?"

ባስበው እውነቷን ነው። እንግዲህ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ልጅሽን ማን መሪ አደረጋት ለሚለኝ ሁሉ፣ ደረቴን ነፍቼ "እኔ" እላለሁ።