ለሕያው ሰው የተነፋው ጥሩምባ

ይህን ስነግርህ የምሳሳታቸው ነገሮች እንደሚኖሩ አስቀድሜ አምናለሁ። የድንኳኑ ቀለም ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ እርግጠኛ አይደለሁም፤ የመምህራችን እህት በእግሯ ትምጣ በባጃጅም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጥሩምባ ነፊው አስጠንቅቀውኝ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ባለፉት ዓመታት ለተለያዩ ሰዎች በሁለት መንገድ ተርኬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ጥሩምባው ራሱ ነው። ባለፈው ሰሞን ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ወደሚሸጥ አብሮ አደጌ ሱቅ ጎራ ብዬ፣ ከበርበሬውና ከከሙኑ ጆንያ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። የናስ ነው፤ ጠርዙ ተጨርምቷል፤ የቆዳ ማንገቻው ተሰነጣጥቋል። አውርጄ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የዛገ ናስና የቆየ ትንፋሽ ሸተተኝ፤ በላዩም ሱቁ ያለበሰው የኮረሪማ ሽታ ነበር። ከበሩ የገባው የረፋድ ብርሃን በቅመሙ ብናኝ ውስጥ ቆሞ ስለነበር፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ትዝ አለኝ፤ ብናኙ በርበሬ ሳይሆን ጠመኔ የሆነበት።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ ሳልይዝ ወደ ሐረር የተመለስኩበት ዓመት ነበር። እኔንም ባለሱቁንም ፊደል ያስቆጠሩን መምህር ጡረታ ሊወጡ ነው። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ግንብ በፈላና በር ወጣ ብሎ፣ ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበርና፣ የከተማው ልጆችና ከኮረብታው ማዶ የሚመጡት የገበሬ ልጆች በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይማሩበት ነበር። መምህሩ አላገቡም፤ ልጅም የላቸውም። ያለቻቸው ገጠር የምትኖር አንዲት ታላቅ እህት ብቻ ነበረች።

የስንብት በዓል ላዘጋጅላቸው ማሰቤን ስነግራቸው ባዶ ክፍላቸው ውስጥ ሰሌዳ ያጸዱ ነበር።

«ተወው ልጄ፣» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሰው አይመጣም። እኔን የሚሸኘኝ ዘበኛው ነው፤ እሱም በሩን መዝጋት ስላለበት።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያንን ሁሉ ዘመን ኖረው አንድም ሰው የማያስታውሳቸው መስሏቸው ከዚያ ግቢ እንዲወጡ አልፈለግኩም። «የትምህርት ቤቱን ሜዳ እሞላልዎታለሁ፣» አልኳቸው።

በየገጠሩና በየክፍለ ሀገሩ ከተማ የማኅበረሰብ ዝግጅት እንዴት እንደሚሰናዳ በተማሪነቴ ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ የተሰጠንን ጽሑፍም እንደ ዳዊት ደጋግሜዋለሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ የሚሠራውን ሁሉ በዝርዝር ጻፍኩ። ቀኑ ከጁምዓም፣ ከሰንበትም፣ ከጾምም፣ ገበሬው ጫት ከሚለቅምበትም እንዳይጋጭ አጠናሁ። ዝናብ ቢመጣ ብዬ ድንኳን ተዋስኩ። ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ እናቶችን አነጋገርኩ። አንዱ ባለቀ ቁጥር ከጎኑ ምልክት አደርጋለሁ። ያቺ ምልክት ትሰጠኝ የነበረው ደስታ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያልተሟላልኝ ጥሪው ብቻ ነበር። በየግድግዳው የለጠፍኳቸውን ወረቀቶች ሰው ቀና ብሎም አላያቸው፤ አንደኛውን ፍየል በላችው። ባለሱቁ ይህን ሰምቶ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ።

«አቦ፣ ፍየሏ ብቻ ናት ያነበበችልህ! ሰው በወረቀት ይጠራል እንዴ? ወላሂ፣ እናቴ ማንበብ ብትችል እንኳ አትመጣልህም። ደጇ ቆመህ፣ ግቢ ስትልህ አልገባም ብለህ፣ ‹እመጣለሁ በይኝ› ካላልካት አትመጣም። ለደስታ በእግር ትሄዳለህ። ለሐዘን ነው ድምፅ የሚበቃው።»

እውነቱን ነበር። በእኛ አገር ለሠርግም ሆነ ለክርስትና የሚጠራ ሰው ቤት ለቤት ይዞራል፤ ያልተዞረለት ሰው እንደተናቀ ይቆጥራል። እኔ ግን የቀሩኝ አራት ቀናት ነበሩ፤ ከኮረብታው ማዶ ያሉት ቤቶችም የተራራቁ ናቸው። በዚያ ላይ፣ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ደጅ ለደጅ መለመን ያለፈበት መሰለኝ። በየቤቱ የሚገባ አንድ ድምፅ ግን እንዳለ አውቅ ነበር።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ከሱቁ ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ጥሩምባቸው ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነፋል፤ ከዚያ ውጭ የሚነፋው ለወሩ ስብሰባ ብቻ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ነፍተው የመምህሩን ስም፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ ቀጥሎም እኔ በወረቀት የጻፍኩላቸውን የምስጋና ቃል እንዲናገሩልኝ ጠየቅኳቸው። ትዝታዬ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። ምን እንደመለሱልኝ አይታየኝም። የሚታየኝ ጥሩምባውን ከትከሻቸው አውርደው በጋቢያቸው ጫፍ ሲወለውሉት፣ ለረዥም ጊዜ ሲወለውሉት ነው። በመጨረሻ «እሺ፣ ለእሱ ከሆነ» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ መምህሩን ሸዋ በር ወደሚገኝ ፀጉር አስተካካይ ወሰድኳቸው። ንግግራቸውን ተረጋግተው እንዲከልሱ ስልካቸውን አጥፍቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ገና አረፋው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ጥሩምባው ከሩቅ ተሰማ፤ ስም የሚለይበት ርቀት አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ አቆመ።

«ነፍስ ይማር። ማን ይሆን ደግሞ?»

«ነፍስ ይማር፣» አሉ መምህሩም ዓይናቸውን ጨፍነው።

በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ንግግራቸውን እዚያው ሲከልሱ ቆይተው አራት ሰዓት ላይ በባጃጅ ስንደርስ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ እዚያ አይቼ አላውቅም። ገበሬዎቹ ከነልጆቻቸው ከኮረብታው ወርደዋል፤ የከተማው እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መምህሩ ሞቱ ብለው ቤታቸው ሄደው በሩ ተቆልፎ ስላገኙት፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣል ብለው ነበር የሚጠብቁት። አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች «ልጆቼን በነጻ ያስጠናልኝ ሰው!» ትላለች። አንድ ገበሬ ስለዚያች የዝናብ ቀን፣ መምህሩ ልጁን አዝለው ወንዝ ስላሻገሩባት፣ ለማያውቀው ሰው ይናገራል። መምህሩ ከባጃጁ ሲወርዱ ያ ሁሉ ድምፅ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። አንዲት አሮጊት እልል አሉ፤ ማንም ስላልተከተላቸው ግማሽ ላይ ተዉት።

«በሰው ሞት ትቀልዳላችሁ?» አለ አንዱ።

«እኔ እኮ ሊጤን ጥዬ ነው የመጣሁት!» አለች ሌላዋ፤ ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቁጣ ነበረበት።

መምህሩ እጃቸውን አንሥተው «ለእኔ ከሆነ የመጣችሁት፣ አለሁ» አሉ። ድምፃቸው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ በሕይወት ስለመኖራቸው ይቅርታ የሚጠይቁ ያህል።

እህታቸው የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ከከተማ አንድ ሰው ደውሎ አርድቷታል፤ የወንድሟን ስልክ ብትሞክር ዝግ ነው። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ ነበር፤ ደሙ ገና አልደረቀም። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ፊታቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፤ አገጫቸው ላይ ደርቆ የቀረውን አረፋ እንኳ ጠረገችላቸው። ከዚያም በጥፊ መታቻቸው።

«ለአንተ የነበረኝን እንባ ጨርሼዋለሁ፣» አለች። «ሌላ የለኝም።»

ሜዳው ለመሙላት ከፈጀበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ባዶ ሆነ። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። ዝናብም አልመጣም፤ ለዝናብ የተተከለው ድንኳን ውስጥ ወንበሮቹ ብቻ ተደርድረው ነበር። መምህሩ አንዱ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩና «ሞቼ ቢሆን ኖሮ ቀኑ ያምር ነበር» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው ነበር።

በሳምንቱ የእድሩ ሽማግሌዎች ጥሩምባ ነፊውንና እኔን ጠሩን። ጥያቄው አንድ ነበር፤ እኒህ ሰው እንዲህ እንደሚሆን ነግረውህ ነበር? ነግረውኝ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካልነገሩኝ የሙያው ባለቤት እሳቸው ናቸው። «አላስታውስም» አልኩ። ጥሩምባ ነፊው ለአንድ አፍታ ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያም ጥሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወጡ። ከዚያ ወዲህ እድሩ ሞት የሚያረዳው በስልክ መልእክት ሆነ፤ ጥሩምባውንም ውሎ አድሮ ባለሱቁ ከእድሩ ገዛው።

መምህሩ ከዚያ በኋላም ኖረዋል፤ ኑሮ ከተባለ። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታ ያሳጥሩባቸው ነበር፤ አንዴ ያለቀሱለትን ሰው ምን ብለው እንደሚጠይቁት ግራ እንደገባቸው ሁሉ። ያረፉት በአንድ ክረምት ነው። የእድሩ መልእክት ተላከ፤ መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ስለነበር የብዙ ሰው ስልክ ሞቶ ነበር። ከኮረብታው ማዶ ማንም አልሰማም። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወንበሮቹ ተደርድረው ሳይ፣ ያንን ሌላውን ድንኳን ያየሁ መሰለኝ። እህታቸው መሐል ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ጥሩምባ ነፊው መጥተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸው ማንገቻው ይውልበት የነበረውን ትከሻቸውን እየደጋገመ ይዳስስ ነበር። ሰላም ልላቸው ፈልጌ አልደፈርኩም። ዛሬ እሳቸውም የሉም።

ባለፈው ሰሞን ጥሩምባውን ወደ ሚስማሩ ስመልስ ባለሱቁን ጠየቅኩት። «ያን ቀን እዚህ ነበርክ። አስጠንቅቀውኝ ነበር?»

ኮረሪማ መስፈሩን አላቋረጠም። «ሦስቴ ነው የነገሩህ። ‹ልጄ፣ ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ሰው የሚሰማው ስም ብቻ ነው› አሉህ። አንተ ‹ሰው ይምጣልኝ እንጂ› አልክ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

«አቦ፣ ማን ጠየቀኝ? የእናንተ እድር ነው። እኔ ደግሞ አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነበር።»

የእሱም ትዝታ እንደ እኔው ሊሳሳት ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቤት ገብቼ ግን የእናቴን ሣጥን ከፈትኩ። ደብተሩ ከታች ነበር። «ጥሪ» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ «ጥሩምባ ነፊው ፈርተዋል፤ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ፤ አሳምኛቸዋለሁ» የሚል ተጽፏል። ከጎኑም ምልክት ተደርጎበታል።